የክረምት ቲማቲም ጅማ ላይ፦ ጥፋቱ የዝናቡ ነው ወይስ የአፈሩ?

የጊንጆዋ

ሰላም የጓሮ ሰዎች። ረዘም ትላለችና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ጅማ፣ ጊንጆ ነው። ከቤታችን ጀርባ 4 ሜትር በ6 ሜትር የምትሆን ቦታ አለች። እስከ አምና ድረስ የተሰበረ ወንበርና የቆርቆሮ ቁራጭ ነበር የሞላት። አጽድቼ ቆፈርኳት። አፈራችንን ታውቁታላችሁ። ቀይ ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ይውጣል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

መጀመሪያ የሆነልኝን ላውራ። ጎመን ሆኖልኛል። ከገበያ 20 ችግኝ ገዝቼ 17ቱ ጸደቁ። ከሥር ከሥሩ እየቀነጠስኩ ስድስት ወር በላነው። ባለቤቴ «ዛሬም ጎመን?» ማለት ጀምሯል። ቆስጣም እንደዚያው ነው። ቀይ ሥሩ ግን ሳላሳሳው ቀርቼ ቅጠሉ አምሮ ሥሩ የጣት ያህል ሆነ። ካሮቱ ደግሞ ጓል ሳልከሰክስ ስለዘራሁት ሹካ መስሎ ወጣ። ሰላጣውን የጎረቤት ዶሮ በአንድ ጠዋት ጨርሳዋለች። እሱን ፋይል ዘግቼዋለሁ።

የመጣሁት ለቲማቲሙ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ 12 እግር ሮማ ተከልኩ። እንጨት አቆምኩላቸው፣ በጨርቅ ቅዳጅ አሰርኳቸው። ሰኔን ሙሉ ጉድ የሚያሰኝ ነበሩ፤ ወገቤ ድረስ ደረሱ፣ ፍሬ ያዙ። ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወጥቼ ሳይ ቅጠሉ ዳር ዳሩን የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። አንዱን ገልብጬ ሳየው ከጀርባው፣ በጥቁሩና በአረንጓዴው መሀል፣ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነገር አለበት። በሳምንቱ ግንዱም ጠቆረ። አረንጓዴው ፍሬ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። ጠንካራ ነው፣ ሲነኩት አይፈርጥም።

ጎረቤታችን እማማ «ምች መታው» አሉኝ። አመድ በተንኩ፣ ዝናቡ አጠበው። ከዚያ አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ። ልጁ ምንም ሳይጠይቀኝ «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ብልቃጥ ሰጠኝ። ረጭቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ጽሑፉን ያነበብኩት። የትል መድኃኒት ነው! ጥፋቱ የእኔም ነው፣ መጀመሪያ ማንበብ ነበረብኝ።

አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ጥግ ላይ ያሉት ሁለት ቃሪያዎች ደግሞ ምንም እድፍ ሳይኖርባቸው፣ አረንጓዴ እንደሆኑ ጠወለጉ። ውሃ የጠማቸው ይመስላሉ፤ በዚህ ዝናብ! ታዲያ በሽታው ከአየሩ ነው ከአፈሩ? ሁሉንም ነቅዬ ልጣል?

ሰፈርተኛው

ጅማ ላይ፣ በሐምሌ፣ ያለ ጣሪያ፣ ቲማቲም? ጀግና ነሽ። ጎመኑን አደራ።

አባ ቃሪያ

ልጄ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያየሽው። አንድ ላይ አትደባልቂው።

የቲማቲሙ እማማ እንዳሉት ምች ነው። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥሙ የሚነሳ ነው። ያ ከቅጠሉ ጀርባ ያየሽው ዱቄት ዘሩ ነው፤ በነፋስና በዝናብ ፍንጥቅጣቂ ወደ ሌላው ይሄዳል። ድንችንም የሚፈጀው እሱው ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በክረምት ቅጠል ደርቆ አይውልም። ማንኮዜብ የሚባለው መድኃኒት አለ፣ ግን እሱም ቀድሞ የሚከላከል እንጂ አንዴ የገባውን የሚያድን አይደለም። አሁን ብትረጪ ገንዘብሽን ነው የምትረጪው። የታመሙትን ንቀዪና ከጓሮ አውጪ። ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪ።

የቃሪያው ነው እኔን ያሳሰበኝ። አንድ ነገር ሞክሪ። የጠወለገውን ቃሪያ ግንዱን ከሥሩ ጠጋ ብለሽ በስለት ቁረጪ። ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አምጪና የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አንጠልጥይ። አታነቃንቂው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ ከጫፉ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ሲወርድ ካየሽ፣ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው። እሱ አፈር ውስጥ ይኖራል፤ ዓመታት ይቆያል። መድኃኒት የለውም። እዚያ ቦታ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንች፣ ደበርጃን እንዳትተክዪ፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። በቆሎ ወይም ጎመን ይሆናል።

ለመሆኑ ጥጉ ላይ ድንች ተክለሽ ታውቂያለሽ?

ከአጋሮ

ጋሼ አባ ቃሪያ ካሉት ላይ ልጨምር እንጂ ልቃወም አይደለም። ክረምት ላይ ቲማቲም ጨርሶ አይቻልም ማለት አይደለም። እኔ አምና 6 እግር አድርሻለሁ። አራት እንጨት ተክዬ ከላይ ላስቲክ ወጠርኩ፣ ጎንና ጎኑን ክፍት ተውኩት። ዝናቡ ቅጠሉን ካልነካውና ነፋስ ካገኘ ይተርፋል። እስከ ጉልበት ያለውን ቅጠል በሙሉ ቀንጥሼዋለሁ። ውሃ የማጠጣው ከሥር ብቻ ነበር። ያኔ ጎረቤቶቼ «በዝናብ ውሃ የሚያጠጣው ሰውዬ» ይሉኝ ነበር። ፍሬው ብዙ አይደለም፤ ከልፋቱ ጋር ካሰላሽው ከገበያ መግዛት ይረክሳል። ግን ቀምሼዋለሁ።

የእኔን ጥፋት ደግሞ ስሚ። ከቡና መቀሸሪያ በነጻ ገለባ አምጥቼ ትኩሱን ከአፈር ጋር ቀላቀልኩት። ቆስጣው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ገለባው ራሱ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል ለካ። አሁን ከከብት ፍግ ጋር ቆልዬ፣ እያገላበጥኩ ወራት አቆየዋለሁ። ጥቁር ሆኖ፣ ዝናብ የመታው አፈር ሲሸት ነው የምጠቀምበት።

የጊንጆዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዴት አወቁብኝ? ጥጉ ላይ አምና ድንች ነበር። ወጥ ቤት ያቆጠቆጠ አምስት ድንች ቆራርጬ የቀበርኩት እኔው ነኝ፤ እንዳይጣል ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አዘጋጀሁ። በአንዱ የቲማቲሙን ግንድ፣ በሌላው የቃሪያውን አንጠለጠልኩ። የቲማቲሙ ውሃ ጥርት ብሎ ቀረ። የቃሪያው መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ልነሳ ስል ከጫፉ አንዲት ቀጭን ነጭ ክር ወረደች። ከዚያ ሌላ። ልጄ «እማ፣ ወተት አጠጣሽው?» አለችኝ።

ቲማቲሞቹን ሁሉ ነቅያለሁ። ሁለቱንም ቃሪያ ከነአፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ አወጣሁ። ዶማውንና ቦቲዬን በበረኪና አጠብኩ። ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ ካለቀ፣ 6 እግር ብቻ በወዲያኛው ጫፍ እሞክራለሁ፤ ውሃ በባልዲ አመላልሳለሁ።

እስከዚያ ጎመን። ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም።