ቪዲዮ ማታ ማታ ቀጥ ይላል፣ ስልክ ላይ ግን ይሰራል። ቲቪው ነው ወይስ ኔቱ?

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ደሴ ነው ያለሁት ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ነገሩ ሊያሳብደኝ ስለሆነ ነው የምጽፈው። ቤት ፋይበር አስገብተናል 10 ሜጋ፣ መጀመሪያ ሁለት ወር ያህል አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም፣ አሁን ግን ከ12 ተኩል እስከ ማታ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቪዲዮው መሀል ላይ ቀጥ ይልና ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች ትዞራለች፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይቀጥላል፣ ከሩብ ሰዓት ምናምን በኋላ ደግሞ እንደገና። በየቀኑ ቢሆን እሺ፣ አንዳንድ ቀን ምንም የለም፣ አንዳንድ ቀን አምስት ስድስቴ ይቆማል። እናቴ ድራማዋን በዩቲዩብ ነው የምታየው፣ ልክ ልጅቷ እውነቱን ልታወጣ ስትል ሲቆም ወደኔ ነው የምትዞረው፣ እኔ ያቆምኩት ይመስል።

ግራ የገባኝ ስልኬ ላይ ምንም የለም። ቲቪው ቆሞ እያለ ስልኬን አውጥቼ ያንኑ ቪዲዮ ስከፍተው ይሄዳል። ስለዚህ ቲቪው ነው ብዬ ሪሴት አደረኩት፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ጥራቱን ወደ 480 አወረድኩት፣ ያው ነው። ስፒድ ቴስት ስሰራ ሁሌ 9 ሜጋ ምናምን ይላል። አገልግሎት ሰጪው ጋ ደወልኩ፣ በኛ በኩል መስመሩ ንፁህ ነው አሉኝ፣ ሁለተኛ ስደውል ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት አሉኝ፣ ይሄንንማ እናቴም ታውቀዋለች።

ሞደሙ ሳሎን ቡፌው ላይ ነው፣ ቲቪው ከጎን ክፍል፣ በመሀል አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ። አዲስ ቲቪ ልግዛ ወይስ ምን ላድርግ?

ጦሳ_ስር
ወንድሜ ማታ እኮ ደሴ ሙሉ ብርዱን ሸሽቶ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ነው የሚያየው፣ ይጨናነቃል በቃ። ቀን አውርድና ማታ አሳያት፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ቲቪ መግዛት ምናምን ተወው።

ሮቢት_ኮምፒውተር
ጦሳ ስር ያልከው ለአንዳንድ ሰው ልክ ነው ለሱ ግን አይመስለኝም፣ 480 እኮ አንድ ሜጋ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው የሚፈልገው፣ 1080 እንኳ 5 ሜጋ አካባቢ ነው። 10 ሜጋ ያለው ሰው 480 ላይ ከቆመበት ችግሩ ፍጥነት አይደለም።

እኔ ዋይፋይ ነው የምለው። ቡፌ ላይ ነው አልክ፣ ቡፌው ውስጥ ድስት ትሪ ምናምን ከሞላ ብረት ነው፣ ሲግናሉን ይመልሰዋል። የጭቃ ግድግዳም ወፍራም ከሆነ ቀላል አይደለም፣ በተለይ 5 ጊጋ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ካገናኘኸው ግድግዳ አይወድም፣ ወደ 2.4 ቀይረው። 2.4 ላይ ደግሞ የጎረቤት ዋይፋይ ይረብሻል፣ ቻናሉን (ዋይፋዩ የሚሄድበትን መስመር) ኦቶ ላይ አትተወው፣ 1 ወይ 6 ወይ 11 ላይ አድርገህ ሞክር፣ እነዚህ ሶስቱ ናቸው እርስ በርስ የማይደራረቡት። ስልክ ላይ የሚሰራው ስልኩ ሞደሙ አጠገብ ስለሆነ ነው የሚሆነው። ገመድ ከሞደሙ ወደ ቲቪው ብትስብማ ጣጣው አለቀ።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ሮቢት አመሰግናለሁ፣ ሞደሙን ከቡፌው አውርጄ በሩ ጋ ወንበር ላይ አደረኩት፣ ቻናል 11 አደረኩት። ትናንት ማታ ምንም አላለም፣ ተገላገልን ብዬ ነበር። ዛሬ 4 ጊዜ ቆመ። ስልክ ላይ ደግሞ አሁንም እየሰራ ነው፣ ያውም እዛው ቲቪው ክፍል ተቀምጬ።

ቦርከና_ዳር
ኮምቦልቻ ነኝ፣ ኔትወርክ መዘርጋት ስራዬ ነው፣ እንዲህ አይነቱን ነገር በሳምንት ሁለቴ አየዋለሁ። ወንድሜ ቲቪ እንዳትገዛ። ገና ምን እንደሆነ ሳናውቅ ነው ሁላችንም መድሃኒት የምናዘው።

መጀመሪያ ስልክህን እንተማመንበት ወይ የሚለውን እንይ። ስልክህ ላይ ዳታ በርቶ ነው አይደል ያለው? አንድሮይድ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ሲያጣ ሳይነግርህ ወደ ዳታ ይሻገራል። አንተ በዋይፋይ እያየሁ ነው ትላለህ እሱ ፓኬጅህን እየበላ ነው። ዳታውን አጥፋና ቲቪው ሲቆም ያኔ ሞክረው። ይሄን ሳታደርግ ስልኬ ላይ ይሰራል ማለት ምስክርነት አይሆንም።

ሁለተኛ ላፕቶፕ ካለህ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ሁለት ቦታ ክፈት። አንደኛው ላይ ፒንግ (አለህ ወይ ብሎ ጠይቆ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ የሚነግርህ ትዕዛዝ ነው) ብለህ የሞደሙን አድራሻ ጻፍ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነ ሞደሙ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፣ ከኋላው ሰረዝ ቲ (-t) ጨምርበት እንዳይቆም። ሁለተኛው ላይ እንደዛው አድርገህ 8.8.8.8 ን፣ እሱ ውጪ ያለ የጉግል አድራሻ ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት አድርገህ ተዋቸውና ቪዲዮው ሲቆም ተነስተህ እይ። ወደ ሞደሙ የሚሄደው ደህና ሆኖ የውጪው ብቻ ከተቆረጠ ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነው፣ ያኔ መጨቃጨቅ ያለብህ ከአገልግሎት ሰጪው ጋ ነው። ወደ ሞደሙ የሚሄደው ራሱ ከተቆረጠ ግን ችግሩ እዛው ቤትህ ውስጥ ነው፣ የጥሪ ማዕከሉን ልጆች ባትሰድባቸው ጥሩ ነው።

ስፒድ ቴስቱን ደግሞ እርሳው። ቪዲዮው ከተመለሰ በኋላ ነው የምትሰራው፣ በሽተኛው ከዳነ በኋላ ሙቀት እንደመለካት ነው።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ቦርከና አላህ ይስጥህ። ዳታ አጠፋሁ፣ እውነትም ቲቪው ሲቆም ስልኩም ቀጥ አለ! ለካ ወር ሙሉ ዳታዬን እየበላ ነበር፣ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ አሁን ገባኝ።

ፒንጉን ከፍቼ እራት ልበላ ሄድኩ። ስመለስ ሁለቱም ላይ ታይምድ አውት (መልስ አልመጣም) የሚል በተርታ ተደርድሯል፣ የሞደሙም የውጪውም፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ከዛ ይመለሳል። ከዛ በፊትና በኋላ ወደ ሞደሙ 2 ሚሊሰከንድ 3 ሚሊሰከንድ ነው የሚለው፣ ንፁህ። ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው አይደል?

ሮቢት_ኮምፒውተር
አላልኩም? ዋይፋይ ነው።

ቦርከና_ዳር
ሮቢት ቆይ አትቸኩል 😄 ዋይፋይ ሲያስቸግር እንደዚህ አይቆረጥም። አንዱ 3 ሚሊ አንዱ 400 ሚሊ፣ መሀል ላይ አንድ ታይምድ አውት፣ ከዛ ሁለት ደህና፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነው የሚሆነው። እሱ የነገረን ግን ንፁህ፣ ንፁህ፣ ንፁህ፣ ከዛ ሁለት ደቂቃ ተኩል ድርግም፣ ከዛ እንደገና ንፁህ። ይሄ ሞደሙ ጠፍቶ ሲነሳ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ፋይበር ሞደም ሲነሳ ከመስመሩ ጋ እስኪገናኝ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሞደሙ ገጽ ግባና ስታተስ ወይ ዲቫይስ ኢንፎ የሚለው ውስጥ አፕታይም የሚል ፈልግ፣ ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይነግርሃል። ሳትደብቅ ጻፍልን።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
11 ደቂቃ ይላል!! እኔ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልነካሁትም። ግን እኮ መብራት አልጠፋም፣ ቲቪው በርቷል፣ አምፖሉ በርቷል። ሞደሙ ተበላሽቶ ነው?

ቦርከና_ዳር
ሊሆን ይችላል ግን ከሞደሙ በፊት አዳፕተሩ ነው የሚጠረጠረው። ማታ ላይ ከ12 ተኩል እስከ 2፣ ያውም አንዳንድ ቀን ብቻ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ምን ይበራል? ልብ በል፣ ቪዲዮው የቆመበትን ደቂቃ እንዳትይዝ። ቲቪው ወደፊት ያለውን ግማሽ ደቂቃ አንዳንዴም ከዛ በላይ ቀድሞ አውርዶ ነው የሚያሳይህ፣ ሞደሙ ሲጠፋ ያችን እየበላ ይቆይና ነው ቀጥ የሚለው። ለዛ ነው ማንም ከምንም ጋ ያላገናኘው። ዛሬ ቲቪውን ተወውና የሞደሙን መብራት እያየህ ተቀመጥ።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ወላሂ አላምንም ያልኩት ነገር ነው የሆነው። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪሱን የተከራዩ እትዬ አሉ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ያስረክባሉ፣ ማክሰኞ ሀሙስና ቅዳሜ ማታ ነው የሚጋግሩት። ዛሬ ሞደሙ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እናቴ ሰውየው አበደ እያለች። 1 ሰዓት ሲሆን መብራቶቹ በአንዴ ድርግም፣ ከዛ አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ። በመስኮት ሳይ የሰርቪሱ ጭስ መውጫ እንፋሎት ይዟል። ሄጄ እትዬ ምጣዱን አሁን አበሩት ወይ ስላቸው ሲግልብኝ አጠፋዋለሁ ሲበርድ አበራዋለሁ ልጄ፣ ምን ሆነ አሉኝ። አንዴ ያብሩልኝ ብዬ እየሮጥኩ ስመለስ ሞደሙ ጠፍቶ ደረስኩ። አምፖሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጦሳ_ስር
😂😂😂 ድራማውን ያቆመችው እንጀራ ናት በለኛ

ቦርከና_ዳር
አምፖሉ ኤልኢዲ ነው አይደል? ለዛ ነው፣ የድሮው ክብ አምፖል ቢሆን ጨለም ሲል ታየው ነበር። ኤልኢዲውም ቲቪውም ቮልቴጅ ቢወርድ ይችሉታል። የሞደምህ አዳፕተር ግን ደክሟል፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዘው እቃ) ሲደርቅ ቮልቴጁ ትንሽ ሲወርድበት 12 ቮልቱን መያዝ ያቅተዋል፣ ሞደሙ ይጠፋል።

እና ሁለት ነገር ነው ያለህ። አዳፕተሩን ቀይር፣ እሱ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ነገ እንዳትል። ምጣድ ሶስት ተኩል ኪሎዋት አካባቢ ነው፣ በ220 ስታካፍለው 16 አምፔር ነው የሚስበው። ሰርቪሱ መብራት የሚያገኘው ከሳሎኑ ሶኬት ተቀጥሎ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ተጠምዝዞ በፕላስተር ታስሮ አለ ማለት ነው፣ እሱ ላልቶ ነው ምጣዱ ሲበራ የሚወርድብህ። የላላ ቅጥል ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ጣራህ ቆርቆሮና እንጨት ነው። ኤሌክትሪሻን ጥራ፣ ራስህ እንዳትነካካው።

እህተ_ደሴ
ቦርከና ያለውን እኔም አይቻለሁ፣ እኛ ቤት ማከፋፈያው ቀልጦ ነው ያወቅነው፣ አልሃምዱሊላህ ቀን ነበር። ለምጣድ ለብቻው ከቆጣሪው ጀምሮ 4 ሚሊ ሽቦ አስገብተን ብሬከር ለብቻው ተደረገለት። ከዛ ወዲህ ሰላም ነው። ግን አደራ እትዬን እንዳታስቀይሟቸው፣ ጥፋቱ የሳቸው አይደለም የሽቦው ነው።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ኧረ እናቴ ራሷ ቀድማ ነው የነገረችኝ፣ ድራማው ይቅር እንጂ እንጀራዋን ንካብኝና ታያለህ ብላኛለች። በየማክሰኞው ሁለት እንጀራ ትኩስ ትኩሱን ታገኛለቻ።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
ጀመዓው ተመልሻለሁ፣ 9 ቀን ሆነው። ኤሌክትሪሻኑ መጣ፣ ሳጥኑን ሲከፍተው ቅጥሉ ላይ ያለው ፕላስተር ጠቁሮ እንደ ሙጫ ጣቱ ላይ ተለጠፈ። እኔ ቆሜ እያየሁ ጉልበቴ ከዳኝ። ለሰርቪሱ ለብቻው መስመር ተሳበለት። ከዛ በፊት ሶኬቱን በመልቲሜትር ሲለካው ምጣዱ ሳይበራ 211፣ ሲበራ 174 ነበር፣ አሁን ሲበራ 205 ላይ ይቆማል። አዳፕተሩንም ሰኞ ገበያ ሄጄ ቀየርኩት። አፕታይሙ አሁን 8 ቀን ከ14 ሰዓት ይላል፣ ጠዋት ጠዋት ተነስቼ እሱን ነው የማየው።

አንድ የቀረ ነገር፣ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ጥራቱ አንዳንዴ ወደ 480 ይወርዳል፣ አይቆምም ግን ይደበዝዛል።

ቦርከና_ዳር
እሱ ሌላ ነው፣ እሱ ጦሳ ስር መጀመሪያ ያለው መጨናነቅ ነው። ፒንጉን ድጋሚ ክፈተው፣ ወደ ሞደሙ 3 ሚሊ እያለ የውጪው ብቻ ከፍ ከፍ የሚል ከሆነ አንተ ቤት የምታስተካክለው ነገር የለም። ሰዓቱን እየጻፍክ ያዝ፣ ስትደውል ማስረጃ ይሆንሃል።

ጦሳ_ስር
አላልኩም? 😎

እህተ_ደሴ
አዳፕተሩን ስትገዛ ምን ብለህ ጠየቅክ? የኛም ሞደም አንዳንዴ ይጠፋል።

ቧንቧውሃ_ሰፈር
አሮጌውን ይዤ ነው የሄድኩት። ቮልቱ የግድ አንድ አይነት መሆን አለበት፣ የኔ 12 ነበር፣ 9 የሚልም 5 የሚልም ሞደም አለ ተጠንቀቂ። አምፔሩ ግን ቢበልጥ ችግር የለውም፣ 1 ነበር 1.5 ነው የገዛሁት። ጫፉ ደግሞ ተመሳሳይ መስሎ የሚላላ አለና እዛው ሱቁ ላይ ሞደሙን ይዘሽ ሄደሽ ሰክተሽ ነቅነቅ አድርጊው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ይወልቅ ነበር፣ ሁለቴ ነው የተመላለስኩት።