«ቦሮው» የቱ ነው፣ «ሌንድ» የቱ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ስጽፍ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ሁልጊዜ ይምታቱብኛል። በቅርቡ የሥራ ባልደረባዬን «መጽሐፍህን አውሰኝ» ለማለት ፈልጌ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ቡክ» ብዬ ጻፍኩለት፤ እርሱም በትሕትና አረመኝ። ሁለቱም ቃላት የብድርን ነገር ስለሚያነሡ ልዩነታቸው አልጨበጥ ብሎኛልና የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦
ልዩነቱ በአማርኛም አለ፤ ሆኖም እኛ ከአንድ ሥር በሚወጡ ግሦች ስለምንገልጸው አይከብደንም። ተቀባዩ ይዋሳል፣ ይበደራል፤ ይህ «ቦሮው» ነው። ሰጪው ያውሳል፣ ያበድራል፤ ይህ ደግሞ «ሌንድ» ነው። በአማርኛ «ተ» እና «አ» የሚለዩትን እንግሊዝኛ በማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት ይለየዋል። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ሐሳቡን በአማርኛ ይበሉት፦ «አውሰኝ» ካሉ «ሌንድ ሚ»፣ «ልዋስህ» ካሉ «ካን አይ ቦሮው» ይሆናል። ከሰው መዋስ «ፍሮም»ን፣ ለሰው ማዋስ «ቱ»ን እንደሚያስከትልም ልብ ይበሉ።

ሌላ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አማርኛ የሚለየውን ሁሉ እንግሊዝኛ ይለያል ብለን እንዳንጠብቅ። እኛ ገንዘብ እንበደራለን፣ የምንመልሰውም ሌላ ብር ነው፤ መጽሐፍ ግን እንዋሳለን፣ የምንመልሰውም ያንኑ መጽሐፍ ነው። «ቦሮው» ሁለቱንም ይይዛል። «ሬንት» ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ መከራየትም ማከራየትም እርሱ ስለሆነ፣ ማን ለማን እንዳከራየ የሚታወቀው ከቀሪው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። «ሎን» የሚለውስ ከየትኛው ወገን ነው?

መልስ፦
ከሰጪው ወገን ነው። በመሠረቱ ስም ሲሆን ብድሩን ራሱን ያመለክታል፤ በተለይ በአሜሪካ እንግሊዝኛ እንደ ግሥም ያገለግላል። መደበኛ ጽሑፍ ላይ ግን «ሌንድ»ን፣ ለኃላፊ ጊዜም «ሌንት»ን ቢጠቀሙ እመርጣለሁ። «ቦሮው»ን ለማስታወስ አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ ቃሉ የመጣው በጥንታዊው እንግሊዝኛ መያዣ ወይም ዋስትና ከሚል ቃል ነው። የእኛም «ተዋሰ» ከ«ዋስ» ጋር ዝምድና አለው። ዋስ ጠርቶ የሚወስደው ተቀባዩ ነውና፣ «ቦሮው» ሲያዩ «ተዋሰ»ን ያስቡ።