ፊደሉን አይቶ ይለያል፣ ሲጽፈው ግን «በ»፣ «ባ» እና «ቦ» አንድ ይሆኑበታል

ጠያቂ (የልዩ ፍላጎት መምህርት)፦
ጤና ይስጥልኝ። ተማሪው 9 ዓመቱ ነው፣ ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የዕድገት ችግር) አለበት። «ባ የትኛው ነው?» ሲባል በትክክል ይጠቁማል። ሲጽፍ ግን «በ»፣ «ባ» እና «ቦ» አይለዩም። እርሳሱን በጡጫው ይጨብጣል፤ ሁለት መስመር ሳይሞላ እጁ ይዝላል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በነጠብጣብ ላይ አስጽፌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ከምን ልጀምር?

መልስ (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ የዕለት ተዕለት ሥራን በልምምድ የሚያስችል የሕክምና ባለሙያ)፦
መምህርት፣ አይቶ ከለየ ፊደሉን ያውቀዋል፤ ያስቸገረው እጁን ማዘዝ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸውም ጅማታቸውም ልል ነው፣ ጣታቸውም አጠር ይላል። አውራ ጣቱ እርሳሱን ደግፎ መያዝ ሲያቅተው በጡጫ ይጨብጠዋል፣ ያኔ የሚጽፈው ጣቱ ሳይሆን ክንዱ ነው። «ባ» ግራ እግሩ ያጠረ «በ» ነው፤ «ቦ» ደግሞ ቀኝ እግሩ ያጠረ። ልዩነቱ እጅ የት ላይ እንደሚቆም ነውና በክንድ ለሚጽፍ ልጅ ከባድ ነው።

ከእርሳሱ በፊት መቀመጫውን ይዩለት። እግሩ ከተንጠለጠለ ጡብ ወይም ሣጥን ያስገቡለት፤ ጠረጴዛው ከታጠፈው ክርኑ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ከዚያ ለጊዜው ደብተሩን ትታችሁ በዓይኑ ትክክል ባለ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ይጻፍ፤ የእጅ አንጓው ለመያዝ ወደሚመቸው አቅጣጫ ይታጠፋል፣ ትከሻውም ይጠነክራል። ጠመኔው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስባሪ ይሁን። ስባሪ በጡጫ አይያዝም። በትንሿና በቀለበት ጣቱ ቁራጭ ጨርቅ ቢያስጨብጡት ሦስቱ ጣቶች ብቻቸውን ይሠራሉ።

መልስ (የልዩ ፍላጎት መምህር)፦
በነጠብጣብ ነገር ልጨምር። ነጠብጣብ ልጁን ነጥብ ከነጥብ ማገናኘት እንጂ ከየት ጀምሮ የት እንደሚቆም አያስተምረውም፤ ብዙ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ሲጽፍ እንኳ አይታወቅም። በምትኩ «በ»ን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገው በጠመኔ ይጻፉለት። በትንሽ እርጥብ ስፖንጅ መስመሩን ተከትሎ ያጥፋው፣ በደረቅ ጨርቅ ይድገመው፣ ከዚያ ራሱ በጠመኔ ይጻፈው። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል፦ «ጣሪያ፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ ቁም።»

ወደ ወረቀት ሲመለሱ «ወለሉን»፣ ማለትም የፊደሉ እግር የሚያርፍበትን መስመር፣ በነጭ ኮላ ያስምሩና አሳድረው ያድርቁት። እርሳሱ ሲነካው ይደናቀፋል፣ እጁ መቆሚያውን ያገኛል። ለ«ባ» ግራ እግሩ ወለል ሳይነካ እንዲቆም ከፍ ብሎ ሌላ አጭር የኮላ መስመር ይጨምሩ። «ባ» እና «ቦ»ን ግን በአንድ ሳምንት አያስተምሩ፤ እንደ መስታወት ተገላባጭ ናቸው። «ቤ» መጨረሻ ይሁን፣ ቀለበቷ የጣት እንቅስቃሴ ብቻ ትፈልጋለች። በሀ ሁ ቅደም ተከተልም አይጨነቁ፦ «በ» እና «ተ» ከቀጥታ መስመር ስለሆኑ ይቅደሙ፣ ክብ ያለባቸው «ቀ»፣ «ወ» እና «መ» ይከተሉ። በቀን ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከደከመው በኋላ የሚጽፈው የተበላሸውን አያያዝ ነው የሚያለማምደው።

ጠያቂ፦
እግሩ በእርግጥም ይንጠለጠላል። ቤተሰቡ ቤት ውስጥ ምን ያሠሩት?

መልስ (ኦኩፔሽናል ቴራፒስት)፦
ምስር ይልቀም፣ ሊጥ ያድቦልብል፣ እርጥብ ጨርቅ ይጭመቅ፣ ልብስ በመቆንጠጫ ያስጣ። በእጁ መሬት ይዞ እግሩ ተነሥቶ መሄድን ወይም መገልበጥን ግን ሐኪም ሳያየው አያሠሩት፤ የላይኛው የአንገት አጥንት መገጣጠሚያ ልል ሊሆን ይችላል። ይህን በተለይ ለወላጆቹ ይንገሩ፦ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው እጅ ከደከመ፣ አካሄዱ ከተለወጠ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ስንፍና አይደለም፣ የኅብለ ሰረሰር ጫና ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። ዓይኑንም ያስመርምሩት፤ ብዙዎቹ በቅርብ ያለ ነገር አጥርቶ ማየት ያስቸግራቸዋል።

መልስ (የልዩ ፍላጎት መምህር)፦
እስከዚያው የፈተና መልሱን በእጅ ጽሑፉ አይለኩት። የፊደል ካርድ እየመረጠ ቃሉን ይደርድር፣ የሚያውቀው ይታያል።