የአጋዘን ቀንድ ፍለጋ ወጥቼ ጭቃ ውስጥ ቀረሁ፣ ምን ልለውጥ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘመድ) እና አጋዘን የጣሉትን ቀንድ ልለቅም ሚከር የምትባል ከተማ አካባቢ ወዳሉት ተራሮች ወጣሁ። (የእኛ ዋልያ ቀንዱን እስኪሞት ይዞት ይኖራል፣ እዚህ ግን ወንዱ በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም።) ከኢንተርስቴት 25 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ ባለው የመንግሥት መሬት ላይ፣ በብርዱ የከሱት እንስሳት እንዳይረበሹ ተብሎ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 መልቀም ክልክል ስለሆነ ሜይ እስኪገባ ጠብቄያለሁ።

ጠዋት መንገዱ በውርጭ ጠንክሮ ነበር። ስድስት ሰዓት በእግሬ ዞርኩ፣ ያገኘሁት ፀሐይ ያነጣውና አይጥ የጋጠው አንድ ቁራጭ ብቻ። ስመለስ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ፎርዊል አስገብቼም የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ፣ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ባሰበት፣ በመጨረሻ የእግር ምንጣፎቹን ከጎማው ስር አንጥፌ፣ የጎማውን ንፋስ ቀንሼ እንደምንም ወጣሁ። ስለ ምንጣፎቹ አትጠይቁኝ።

አሁን እርዱኝ። በረዶ ቶሎ የሚቀልጥበት፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ተዳፋት ላይ ፈልግ ተብዬ እዚያው ነው የዋልኩት። እንስሳቱ አጥር የሚዘሉበት ቦታ ይሻል ይሆን? ወይስ በእግር ከመድከም በፊት በመነጽር ከሩቅ መቃኘት? የጎማውን ንፋስስ ስንት ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ድረስ ትቀንሳላችሁ? ዊንች (መኪና በገመድ ጎትቶ የሚያወጣ መሣሪያ) የለኝም። በሁለት ሳምንት ልመለስ አስቤያለሁ፣ ሁለተኛ መኪና ይዞ አብሮኝ የሚወጣ ካለ ቁርስና ቡና በእኔ ነው።