ቴምብሩ ይነሳ ወይስ ፖስታው እንዳለ ይቆይ? (የድሬው የደብዳቤ ሳጥን ክርክር)

ከቀፊራ፦ ሰላም ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱ። ሰፈራችን የነበሩ አንድ ነጋዴ ካረፉ ቆይቷል፣ አሁን ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ የቆርቆሮ ሳጥን ሙሉ ደብዳቤ አገኙ፣ ከአደን ከጅቡቲ ከቦምቤይ የመጣ ምናምን። የልጅ ልጆቹ ቴምብሩን በውሃ አላቀን አልበም እንስራ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ይሆናል፣ አሮጌ ወረቀት ምን ይሰራል አሉ። ትልቁ ልጅ ደሞ አንድም እንዳይነካ፣ እንዳለ ለሙዚየም ይሰጥ ባይ ነው። የግል ንብረት ነው ብለን ዝም እንበል ወይስ የከተማው ታሪክ ነው ብለን እንግባበት?

ጀጎል፦ ኧረ አቦ እንዳይነኩት! ቴምብሩ ብቻውን ከወጣ የሚቀርህ ስዕል ነው። ፖስታውን ገልብጠህ ጀርባውን እየው፣ ድሮ ደብዳቤ ያለፈበትና የደረሰበት ፖስታ ቤት ጀርባው ላይ ማህተም ይመታበት ነበር። ቀኖቹን ስታስተያያቸው ከአደን ድሬ ለመድረስ ስንት ቀን እንደፈጀ እዛው ታገኘዋለህ። ሳህን ውስጥ ከዘፈዘፉት በኋላ ይሄን ከየት ያመጡታል?

ቲቸር፦ ጀጎል አታካብድ ወንድሜ። ሳጥን ሙሉ ሲባል እኮ አብዛኛው የጃንሆይ ጊዜ ተራ ቴምብር ነው የሚሆነው፣ ፖስታው ተቀዶ፣ ማህተሙ ተጨማልቆ ቀኑ እንኳን የማይነበብ። እሱን ልጆች ቢያላቅቁት ማን ይጎዳል? በስነስርዓት ይሁን እንጂ። ዙሪያውን ወረቀት አስተርፎ መቁረጥ ነው፣ መቀሱ የቴምብሩን ጥርስ እንዳይነካው፣ ከዛ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ሃያ ደቂቃ፣ ሙጫው ሲሟሟ ራሱ ከወረቀቱ ይንሸራተታል። እምቢ ካለ ይጠበቃል፣ የሚላጥ ነገር የለም፣ ከተላጠ ጀርባው ይሳሳና አለቀለት። በወረንጦ አንስቶ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ፊቱን ወደታች አድርጎ መምጠጫ ወረቀት ላይ ማስተኛት፣ ሊደርቅ ሲል መጽሐፍ መጫን፣ ያለዛ በድሬ ሙቀት ጥቅልል ነው የሚለው። ባለቀለም ፖስታ ላይ ያለው ደሞ ለብቻው ይዘፍዘፍ፣ ቀይ ፖስታ ከለቀቀ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የሚያቀላው።

ጀጎል፦ ሐምራዊውስ? የምኒልክ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» (ፖስታ ማለት ነው) የሚል ማህተም በእጅ የተመታባቸው አሉ፣ እ.ኤ.አ. 1902 የወጡ። ሐምራዊ የማህተም ቀለም ብዙ ጊዜ ውሃ ሲያገኝ ይፈሳል። ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዘፍዝፈው ሲያወጡት ቴምብሩ አለ፣ ቦስታው የለም። በቃ።

ቲቸር፦ እሱ ላይ አልከራከርህም፣ ሐምራዊ ያለበት ውሃ አይንካው።

ለገሃሬ፦ እኔ የሚገርመኝ እናንተ በሰው ሳጥን ምን አገባችሁ? ወላሂ። ሙዚየም ሙዚየም ትላላችሁ፣ አጎቴ ያባቱን ፎቶዎች አንድ ቦታ አስረክቦ ከዓመታት በኋላ ሲጠይቅ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው እንኳን ጠፋ። ቤተሰቡ ቢሸጠውስ? ሐረር የሚመጣ ፈረንጅ አሮጌ ቴምብር ሲጠይቅ ስንቴ ሰምተናል፣ ጣሪያቸውን ይቀይሩበት።

ሐረርዋ፦ እኔ ከውሃውም በላይ የምፈራው ይሄን ነው። አዋጅ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ካገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ጣሪያ ብሎ ነገር አያውቅም። ደሞ ለገሃሬ፣ ሙዚየም ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሐረር የሸሪፍ ሙዚየምን እየው፣ አንድ ሰው በግሉ ለቅሞ ለቅሞ ያቆየው ነው።

አሁን ስለ ቴምብሩ ልበል። የመጀመሪያዎቹ የኛ ቴምብሮች ፓሪስ ነው የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1894፣ አራቱ ላይ ምኒልክ ሶስቱ ላይ አንበሳ። ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ህብረት የገባችው በ1901 ዓ.ም ስለሆነ (እ.ኤ.አ. 1908) እስከዛ ድረስ የኛ ቴምብር ብቻውን ባህር አያሻግርም ነበር፣ ከሐረር አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የኛም የፈረንሳዮቹም ቴምብር፣ ማለት የኦቦክ በኋላም የጅቡቲ፣ ሁለቱም ይለጠፍበታል። እንደዚህ አይነቱ ፖስታ ወደ ውጭ የተላከ ስለሆነ የቀረውም እዛው ሰብሳቢዎች እጅ ነው፣ እዚህ ማግኘት ከባድ ነው። ከቀፊራ እስቲ እይልኝ፣ ሁለት ዓይነት ቴምብር ጎን ለጎን ያለበት አለ?

ከቀፊራ፦ ሄጄ አየሁ። አለ! አንድ ብቻ። በግራ አንበሳው፣ አጠገቡ መስጊድ ያለበት የፈረንሳይኛ ጽሁፍ ያለው ቴምብር፣ አንዱ ማህተም ሁለቱንም ረግጧቸዋል፣ ግማሹ አንበሳው ላይ ግማሹ መስጊዱ ላይ። አድራሻው ማርሴይ ነው፣ በላዩ በእርሳስ ተሰርዞ የሆነ ነገር ተጽፎበታል፣ ተቀባዩ ጠፍቶ የተመለሰ ነው መሰለኝ። ጥጉ ላይ ግን ማን እንደሆነ እንጃ ስኮች ለጥፎበታል።

ሐረርዋ፦ መስጊዱ የታጁራ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1902 የወጣው የጅቡቲ ቴምብር። አየህ ቲቸር፣ ይሄን ብታላቅቀው ሁለት ቴምብር፣ እያንዳንዱ ላይ ግማሽ ማህተም ነው የሚኖርህ፣ አብረው መሄዳቸውን ማን ይነግርሃል?

ቲቸር፦ እሱን ማን ይንካው አልኩ? ይሄ ይቀመጥ። ለልጆቹ ግን ተራውን ስጧቸው ነው የምለው። ቴምብር ነክቶ የማያውቅ ልጅ ነገ ሳጥኑን ሲወርስ ቆሻሻ መስሎት ነው የሚያቃጥለው፣ በመስታወት ሲያይ ስላደገ አይጠብቀውም።

ጀጎል፦ ተራውን ማን ይለያል ግን? የአስራ አራት ዓመት ልጅ? መጀመሪያ ሁሉም ከፊትም ከጀርባም በስልክ ይነሳ፣ ከዛ እንነጋገር። ቀፊራ ደቻቱ ወንዝ አፍንጫ ስር አይደል እንዴ፣ የ1998ቱ ጎርፍ ስንት ቤት ሰነድ ይዞ እንደሄደ ረሳችሁት? ስኮቹን ማንም እንዳይጎትተው ደሞ፣ ወረቀቱን ይዞ ነው የሚነሳው፣ የሚያውቅ ሰው ይየው።

ለገሃሬ፦ ፎቶ አንሱ፣ ማን ከለከለ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሐረርዋ አዋጅ ጠቅሳለች፣ የነጋዴ ፖስታ ቅርስ ነው ብሎ የወሰነው ማን ነው? ቅርስ ከሆነ መንግስት ይመዝግበው፣ ካልሆነ ባለቤቱ ዘፈዘፈው ሸጠው የራሱ ጉዳይ ነው።

ሐረርዋ፦ ጥያቄህ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ከኛ ግሩፕ አይወጣም። ለዛ እኮ ነው ትልቁ ልጅ ማርሴይ የሚለውን ብቻ ይዞ ባህል ቢሮ ይጠይቅ የምለው፣ ኦርጅናሉን ሳይሆን ፎቶውን።

ለገሃሬ፦ ፎቶውን ካልሽ እስማማለሁ። ኦርጅናሉ ከቤት አይውጣ።

ከቀፊራ፦ እሺ ለሱ እነግረዋለሁ። የልጅ ልጆቹ ግን ሳፋ ገዝተዋል፣ ቲቸር አንተ ቅዳሜ ብትመጣ ይሻላል።