ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላለበት ልጅ ጎጃም ውስጥ ምን ይገዛ? የት ይታይ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ የእህቴ ልጅ በላብ ምርመራ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባንና ቆሽትን በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ የሚዘጋ የዘር በሽታ) እንዳለበት ተነገረን። የትኛው ኔቡላይዘር (መድኃኒትን በጭጋግ መልክ የሚያስተነፍስ መሣሪያ) ይሻላል? ማርና ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል የሚሉንም አሉ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። እኛም ቤት ይህ በሽታ ያለበት ልጅ አለ። ገንዘብ ካጠረ ቅድሚያ ምግብ እንዲፈጭለት ለሚረዳው የቆሽት ኢንዛይም፣ ቀጥሎ ለኔቡላይዘር ስጡ።

ኢንዛይሙን ከአዲስ አበባ ስታስመጡ የዓባይ በረሃ ሙቀት እንዳይጎዳው ከመኪናው መስታወት ሥር አይቀመጥ፤ መንገደኛው በእጅ ቦርሳው ይያዘው። ልጁ የሚወስደው ከምግብ ጋር ነው። እንክብሉን መዋጥ ካቃተው ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ሳትፈጩ በተፈጨ አፕል ላይ በትናችሁ ወዲያው ይዋጠው። ትኩስ ገንፎ ላይ ግን በፍጹም አትጨምሩት።

ከኔቡላይዘር ምርጫዬ በኮምፕረሰር የሚሠራው ነው። ይጮኻል፣ መብራት ሲጠፋም ይቆማል፤ ነገር ግን ጠንካራ ነው። ባለ ወንፊቱ ድምፅ የለውም፣ በባትሪም ይሠራል፤ ሆኖም ውድ ነው፣ ቀዳዳዎቹም በጨው ይደፈናሉ። በአልትራሳውንድ የሚሠራውን ተዉት፤ አንዳንድ መድኃኒቶችን ያበላሻል። ሐኪሙ የሚያዘውን የጨው ውሃ ከፋርማሲ ግዙ እንጂ ቤት ውስጥ አትበጥብጡ። የመድኃኒት ኩባያውን በየጊዜው በሳሙና አጥባችሁ 5 ደቂቃ አፍሉትና በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ኩባያ የሲውዶሞናስ ባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ የእነዚህን ልጆች ሳንባ ክፉኛ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ለክትትል ደብረ ማርቆስ ይቀርባችኋል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ስላሉ ምርጫው ይሰፋል። የትም ብትሄዱ የአክታ ካልቸር (አክታ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የሚለይ ምርመራ) እንደሚሠሩ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ፊዚዮቴራፒስትም ሳታገኙ አትመለሱ። አክታው እንዲላቀቅ መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ፣ ስስ ልብስ በለበሰ ደረትና ጀርባ ላይ እንዴት እንደሚመታ ያሳያችኋል። በትክክል ሲመታ ድምፁ ባዶ እንስራ እንደመምታት ነው፣ ልጁንም አያመውም። እናትና አባት ሁለቱም ይማሩት፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራ ትልቅ ሕክምና ነው።

ምግቡን ጎጃም አይነፍጋችሁም። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አብዝታችሁ ስጡት፤ የሚወፍረው ግን ከኢንዛይሙ ጋር ሲበላ ነው። ላቡ ብዙ ጨው ስለሚያወጣ በሙቀት ወቅት ጨው ይጨመርለት፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖችንም ጠይቁ።

ማሩ ሳሉን ያለዝብለት ይሆናል፣ አንድ ዓመት ካለፈው ይብላው፤ የኢንዛይም ወይም የአንቲባዮቲክ ምትክ ግን አይደለም። እንዲያውም ከማሩ ይልቅ ጢሱን አስቡበት፦ ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ልጁ ካለበት ክፍል ይውጣ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጆቹን እናገናኛቸው?

መልስ፦ እኛ በስልክ እንገናኝ፤ ልጆቹን ግን አናቀራርብ። ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች የሳንባ ባክቴሪያ አንዱ ለሌላው ያስተላልፋሉ፤ በአንድ ቀን ቀጠሮ ከገጠማችሁም ቢያንስ 2 ሜትር ተራርቀው ይቀመጡ።