ከባዶ የሚጀምር የፓንክ ባንድ፦ ማን ምን ይያዝ? ድምፃዊቷ ለምን አትሰማም? ቀረፃውስ?

አራቱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን የፓንክና የኦልተርኔቲቭ ሮክ ባንድ ልናቋቁም ነው። ሁለታችን ጊታር እንሞክራለን፣ ሦስተኛው ድራም ገና ጀማሪ ነው፣ አራተኛዋ ትዘፍናለች። ቤዝ የሚጫወት የለንም። ያለን ዕቃ አንድ 15 ዋትና አንድ 30 ዋት የጊታር አምፕ፣ አንድ ማይክና ሙሉ ድራም ነው። ማይኩን የምንሰካው 15 ዋቱ አምፕ ላይ ነው።

ቤዝ ተጫዋች እንፈልግ ወይስ ከመሃላችን አንዱ ይቀይር? ድምፃዊቷ ጭራሽ አትሰማም፤ ማይኩን ከፍ ስናደርገው ደግሞ ያፏጫል። ዘፈን እንጀምራለን እንጂ አንድም አልጨረስንም። ስንጫወት ደግሞ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ወደፊት አራት ዘፈን በትንሽ ወጪ መቅረጽ እንፈልጋለን። እነ ራሞንስ፣ በዝኮክስ፣ ፒክሲስና ኒርቫና ሲጀምሩ ይህን እንዴት እንደተወጡት የምታውቁ ብትጨምሩበት ደስ ይለናል።

ሦስት ኮርድ

ቤዝ ተጫዋች ፍለጋ ልምምዱን አታቁሙ። ከሁለቱ ጊታሪስቶች ምት አጥብቆ የሚይዘው ወደ ቤዝ ይዙር። ጣቱ ፈጣን የሆነውን አትምረጡ። በዚህ ሙዚቃ ቤዙ ከድራሙ ጋር ተጣብቆ መሄድ አለበት፤ እዚያ ላይ የሚንሸራተት ሰው ካለ ጊታሩ የቱንም ያህል ቢያምር ዘፈኑ አይቆምም።

ቦታ መቀያየር በጅማሬ ላይ የተለመደ ነው። ራሞንስ በ1974 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ሲነሱ ድራም ላይ የነበረው ጆይ ነው፤ ዲ ዲ ቤዝ እየተጫወተ ይዘፍን ነበር። አልሠራም። ጆይ ወደ ማይኩ መጣ። ለድራም የመጡት ተፈታኞች የሚፈለገውን ቀጥተኛ ምት ስላልያዙት፣ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ቶሚ ራሱ ተቀመጠበት። ዓለም የሚያውቀው የራሞንስ ድምፅ ከዚህ ሽግሽግ በኋላ የመጣ ነው።

ሰው በማስታወቂያ ከፈለጋችሁም የፒክሲስን መንገድ ተከተሉ። በ1986 ቦስተን ላይ ያወጡት ማስታወቂያ ጩኸታሞቹን ሁስከር ዱንም ለስላሳ ፎልክ ዘፋኞቹን ፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪንም የሚወድ ቤዝ ተጫዋች የሚል ነበር። መልስ የሰጠችው ኪም ዲል ብቻ ናት፤ እሷም ጊታሪስት ነበረች፣ የራሷ ቤዝ እንኳ አልነበራትም፣ የእህቷን ተውሳ ነው የጀመረችው። ማስታወቂያው የጠየቀው ጆሮን ነው። “የ5 ዓመት ልምድ ያለው” ብሎ የሚጽፍ ጀማሪ ባንድ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ የሚወድ ባለሙያ ያገኝና በወሩ ይበተናል።

አዲሱ ቤዝ ተጫዋች ለመጀመሪያው ጊዜ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የኮርዱን መነሻ ኖት ብቻ፣ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ፣ በፒክ (በክር መምቻው)፣ ወደ ታች ብቻ። ኮርዱ ሲቀየር ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ድራም) ጋር እኩል ይረፍ። ጌጡ በኋላ ይመጣል።

ወደ ታች ብቻ

ዘፈን የማይጨርሱ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻውን ሳይወስኑ ይጀምራሉ። አንድ ሪፍ (የሚደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ) ይገኛል፣ ለ20 ደቂቃ ይደጋገማል፣ ሁሉም ይደክማል። መጀመሪያ ርዝመቱን በወረቀት ላይ ወስኑ። በደቂቃ 170 ምት ስትሄዱ አንድ ባለ 4 ምት ባር 1.4 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ 64 ባር ማለት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። መግቢያ 4፣ ስንኝ 16፣ አዝማች 8፣ ስንኝ 16፣ አዝማች 8፣ መዝጊያ 12። ተደመረ፣ 64። አንድ ሙሉ ዘፈን ማለት ይኸው ነው። የራሞንስ የ1976ቱ የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን ይዞ 29 ደቂቃ አካባቢ ነው።

ለጊታሩ ፓወር ኮርድ ይበቃል። በ6ኛው ክር ፍሬት 5፣ በ5ኛው ፍሬት 7፣ በ4ኛው ፍሬት 7፤ የቀሩትን ሦስት ቀጫጭን ክሮች በተጋደመው አመልካች ጣት አፍኑ። ቅርጹን ሳትለቁ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱት ኮርዱ ይቀየራል። ከሙሉ ኮርድ የጎደለው ሦስተኛው ኖት ነው፤ ሙሉ ኮርድ ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምፅ) ውስጥ ሲገባ ኖቶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ድምፁን የሚያደፈርሱት በዋናነት በእሱ በኩል ነው። የራሞንሱ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ግን ሙሉ ባሬ ኮርድ (አመልካች ጣት ክሮቹን ሁሉ የሚጫንበት) ይዞ ሁሉንም ወደ ታች ይመታ ነበር። ያ የእጅ አንጓ ጉልበት ይጠይቃል። በ120 ጀምሩ፣ አንድ ዘፈን ሙሉ ሳይቆራረጥ ሲወጣላችሁ 5 ጨምሩ። ክንድ ከትከሻው ጀምሮ ከደነደነ ፍጥነቱ ገና አልደረሰላችሁም ማለት ነው፤ ጅማት ያሳምማል፣ ዝቅ በሉ።

ጸጥ ብሎ ድንገት የሚፈነዳውን የፒክሲስና የኒርቫና አካሄድ ከፈለጋችሁ፣ በስንኙ ላይ ጊታሩን ዝም አሰኙት ወይም ሁለት ክር ብቻ ያንቀሳቅስ፤ ቤዝና ድራም ይሸከሙት። ብዙዎች የሚሳሳቱት አዝማቹን ለማጉላት ሲታገሉ ነው። ሁሉም በስንኙ ሙሉ ጉልበቱን ከተጠቀመ ለአዝማቹ የሚቀር የለም።

የሰው ዘፈን ከመኮረጅም ቶሎ ውጡ። በ1973 መጨረሻ የተከፈተው የኒው ዮርኩ የሙዚቃ ክለብ ሲቢጂቢ፣ ባንዶች የራሳቸውን ዘፈን እንዲጫወቱ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ቤት እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ባንዶች የወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የድምፅ ባለሙያ

ወደ ድምፃዊቷ ልምጣ። ችግሩ አምፑ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያወጣም ማለት ይቻላል። ቃል ከቃል የሚለዩት እነ “ስ”፣ “ት”፣ “ች” ደግሞ ጉልበታቸው እዚያ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ብትጨምሩት ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማም። ትንሽ ሚክሰርና አንድ የራሱ አምፕ ያለው ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች የመድረክ ስፒከር ያስፈልጋችኋል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ከአዲስ ጊታር በፊት ይህ ይቀድማል።

ፉጨቱ የሚመጣው ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲወስድ ነው። ካርዲዮይድ ዳይናሚክ ማይክ፣ ለምሳሌ ሹር ኤስኤም58፣ ከኋላው በጣም ጥቂት ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ስፒከሩ በማይኩ ጀርባ በኩል፣ ወደ ዘፋኟ ፊት ዞሮ፣ በጆሮ ከፍታ ይቁም። ከንፈሯ ከማይኩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ ነው። የማይኩን ራስ በእጅ መጨበጥ የኋላ ቀዳዳዎቹን ስለሚዘጋ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፤ ፉጨቱም ወዲያው ይመጣል። መድረክ ላይ የሚያምረው አያያዝ ልምምድ የሚያበላሸው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ጊታሩን ዝቅ አድርጉ። አምፑ ወለል ላይ ከሆነ ድምፁ ቁርጭምጭሚት ይመታል፤ ጊታሪስቱ አልሰማ ሲለው ይጨምራል። ወንበር ላይ አውጡት፣ ወደ ጆሮው ቀና አድርጉት፣ በግማሹ ይበቃችኋል። ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ለብቻችሁ ስትጫወቱ ከምትወዱት መጠን በአንድ ሦስተኛ ቀንሱ፣ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ጨምሩ። የበዛ ዲስቶርሽን የፒኩን አመታት ያለሰልሰዋል፤ ሚድ የሌለው ጊታር ደግሞ በሲምባልና በቤዝ መሃል ይጠፋል።

ቤዙን 30 ዋቱ የጊታር አምፕ ላይ መሰካት በዝቅተኛ ድምፅ ይቻላል። ከድራም ጋር እኩል ልታደርጉት ከሞከራችሁ ግን የቤዙ ታችኛ ኖት 41 ኸርዝ ስለሆነ የስፒከሩን ሾጣጣ ከአቅሙ በላይ ያራግበውና ይቀድደዋል። ለድራም ልምምድ ቢያንስ 150 ዋት የቤዝ አምፕ ፈልጉ። ያ እስኪገኝ ቤዙ በዲአይ ሳጥን (የመሣሪያን ሲግናል ለሚክሰር በሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) በኩል ወደ ሚክሰሩ ይግባ፣ ስፒከሩን ግን አታስጨንቁት።

የጆሮ መሰኪያ ደግሞ ግዴታ ነው። በትንሽ ክፍል ውስጥ ድራም በቀላሉ 100 ዴሲቤል ያልፋል፤ በአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ ስሌት ለዚህ ድምፅ የሚፈቀደው በቀን 15 ደቂቃ ነው።

አራቱ (ጠያቂ)

በጣም እናመሰግናለን። ስፒከሩን እንፈልጋለን። የድራሙ ፍጥነትስ? በ160 ጀምረን ከአዝማቹ በኋላ ሌላ ዘፈን ይመስላል። ደግሞ እነዚህ ባንዶች ምንም ሳያውቁ ነው የጀመሩት የሚባለው እውነት ነው?

አራት በአራት

የሁለተኛው መልስ፦ ለአንዳንዱ እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። በፍጥነታቸው የታወቁት የፓንክ ባንድ ባድ ብሬይንስ ከዋሽንግተን ዲሲ የወጡት በመጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን ሲጫወቱ ቆይተው ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት ሳይበተን አንድ ላይ የሚቆመው ለዚያ ነው። ፒተር ሁክ ደግሞ በ1976 ማንቸስተር የፓንክ ባንዱን ሴክስ ፒስቶልስን አይቶ በማግስቱ ቤዝ የገዛ ሰው ነው፤ በኋላ በባንዱ ጆይ ዲቪዥን ውስጥ በከፍተኛዎቹ ፍሬቶች መጫወት የለመደው በደካማ አምፕ ታችኛው ድምፅ አልሰማው ስላለ ነበር። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። ምት ሳይጠብቁ የዘለቁ ግን አላውቅም።

ፍጥነት የሚያመልጠው በብዛት በፊል (ከክፍል ወደ ክፍል ሲሸጋገሩ በሚመታው የድራም ጌጥ) ላይ ነው፤ እጁ ቶም ቶሞቹ ላይ ሲሮጥ ከባሩ ቀድሞ ይጨርሳል፣ ቀጣዩ ክፍል በዚያው በቀደመው ፍጥነት ይቀጥላል። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በ140 አድርጉና 3 ባር ቀጥተኛ ምት፣ 1 ባር ፊል፣ ለ5 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይምታ። ሲረጋ ሜትሮኖሙን በግማሽ አውርዱትና 2ኛውና 4ኛው ምት ላይ ብቻ ይሰማ፤ አሁን መሃሉን ራሱ መያዝ አለበት።

ቀጥተኛው ምት ኪክ 1 እና 3፣ ስኔር (ስል ድምፅ ያለው ድራም) 2 እና 4፣ ሃይሃት (ጥንዱ ሲምባል) በምት ሁለት ጊዜ ነው። ከ180 በላይ ሃይሃቱን በምት አንድ ጊዜ ማድረግ ነውር የለውም፤ እጁ ከሚደነድን ይሻላል። ሌላው ምክንያት አቋቋም ነው፦ ቤዝ ተጫዋቹ ከሃይሃቱ ጎን ቆሞ የኪኩን እግር ይይ። ልምምዱን በስልክም ቢሆን ቅረጹና የመጀመሪያዎቹን 8 ባሮችና የመጨረሻዎቹን 8 በሰዓት ለኩ። ማን እንደሚገፋ ክርክር አያስፈልገውም።

አራት ትራክ

ስለ ቀረፃ፦ አራት ዘፈን ትክክለኛ መጠን ነው። በዝኮክስ በታኅሣሥ 1976 መጨረሻ አራት ዘፈን በአንድ ቀን ቀርጸው፣ ከወዳጅ ዘመድ በተበደሩት 500 ፓውንድ በራሳቸው ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) 1,000 ሸክላ አሳትመው በጥር 1977 አወጡ። የኒርቫና የመጀመሪያ አልበም የቀረፃ ሒሳብ 606.17 ዶላር ነው። ርካሽ ሊሆን የቻለው ስቱዲዮ የገቡት ዘፈኖቹን አጥንተው ስለሆነ ነው። ግጥም ስቱዲዮ ውስጥ የሚጽፍ ባንድ ሰዓቱን እየከፈለ ይጽፋል።

በአራት ማይክ ቤታችሁም ይቻላል። አንዱ ኪክ ውስጥ፣ አንዱ ስኔር ላይ፣ ሁለቱ ከላይ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ከስኔሩ መሃል እኩል ርቀት ላይ ይሁኑ፤ በክር ለኩት፣ አንድ ሜትር ገደማ። እኩል ካልሆነ የስኔሩ ድምፅ ወደ ሁለቱ ማይኮች በተለያየ ሰዓት ይደርስና ሲደመር ይሳሳል። ስኔሩ ቀጭን ከሆነባችሁ ከማስተካከያ በፊት የአንዱን ማይክ ፌዝ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡና አወዳድሩ።

ድራም፣ ቤዝና ጊታር አብራችሁ ተጫወቱ፤ ቤዙ በዲአይ ቀጥታ ይግባ። የድምፅ ካርዳችሁ ከቤዙ ሌላ የሚቀበለው አራት ማይክ ብቻ ከሆነ የስኔሩን ማይክ ለጊታር ስጡት፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ስኔሩን ይሸከሙታል። የጊታሩ አምፕ በር ዘግታችሁ ሌላ ክፍል ቢሆን ይመረጣል። ከፍተኛው ጫፍ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ይሁን፤ ዜሮ የነካ ዲጂታል ቀረፃ አይድንም። እያንዳንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ተጫወቱና አንዱን ምረጡ፣ ቆራርጦ መስፋት ውስጥ አትግቡ። የድምፃዊቷ ድምፅ በመጨረሻ፣ በተለየ ቀን፣ ጉሮሮ ሳይደክም።

ወደ ሸክላ የምትሄዱ ከሆነ ባለ 7 ኢንቹ በ45 ዙር ሲሆን በአንድ ገጽ 4 ደቂቃ ያህል በጥሩ ጉልበት ይይዛል፤ ሁለት ሁለት አጫጭር ዘፈን ይገባል። የቤዝ ድምፅ መሃል ላይ ይሁን፣ ኃይለኛ “ስ” ይለዝብ፤ መርፌውን የሚያንገዳግዱት እነዚህ ናቸው። የሙከራ ቅጂውን ሳትሰሙ ቀሪው እንዲታተም አትፍቀዱ። ለሽፋኑ የዋሽንግተን ዲሲው የፓንክ ሌብል ዲስኮርድ ሰዎች በ1980 የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ሲያወጡ ያደረጉትን ማድረግ ይቻላል፦ የአንድ ሸክላ ሽፋን ፈታተው ቅርጹን ቀዱ፣ አሳትመው በእጃቸው ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ አጣበቁ።

አራቱ (ጠያቂ)

የመጨረሻ ጥያቄ። መድረክ የሚሰጠን ከየት ይመጣል? የዘፈኖቹ ባለቤትነትስ እንዴት ይጻፍ?

ሦስት ኮርድ

መድረኩን ራሳችሁ አዘጋጁት። ሴክስ ፒስቶልስን በሰኔ 1976 ማንቸስተር ያመጧቸው ገና ባንድ እያቋቋሙ የነበሩት የበዝኮክሶቹ ሃዋርድ ዲቮቶና ፒት ሼሊ ናቸው። በዚያ ቀን ራሳቸው ሊጫወቱ አስበው ስላልደረሱ ተዉት፤ በሐምሌ ሁለተኛውን ሲያዘጋጁ ወጡ። ሳይደርሱ አለመውጣታቸውን ልብ በሉ። 8 ዘፈን፣ 20 ደቂቃ፣ በዘፈኖቹ መሃል ከ10 ሰከንድ ያልበለጠ ዝምታ ሲኖራችሁ ሁለት ሌሎች ባንዶች ጋብዙና አዳራሽ ተከራዩ። ድራሙንና የቤዝ አምፑን ሦስታችሁም በጋራ ተጠቀሙ፣ ቅያሬው ከ30 ደቂቃ ወደ 10 ይወርዳል። ትርፍ የጊታር ክር፣ ሁለት ገመድ፣ የድራም ቁልፍና ፕላስተር አይረሳ።

ባለቤትነትን በተመለከተ የአሜሪካው ሮክ ባንድ አር ኢ ኤም ዘፈኖቻቸውን በሁሉም አባላት ስም እኩል ያስመዘግቡ ነበር። ለእናንተ ዓይነት ባንድ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ድራመሩ ያመጣው ሐሳብ ስንት በመቶ ነው የሚል ጭቅጭቅ አይነሳም። ሌላ ክፍፍል ከመረጣችሁም ዘፈኑ ባለቀበት ቀን የዘፈኑን ስም፣ ቀኑንና ድርሻውን ጽፋችሁ አራታችሁም ፈርሙ። በዚያው ወረቀት ላይ ስፒከሩና ሚክሰሩ የማን እንደሆኑና አንዱ ቢወጣ የባንዱ ስም ከማን ጋር እንደሚቀር አስገቡ።